ሰፈር በእግር ለማሰስ፦ ኦርጋኒክ ማፕስ

አዲስ ሰፈር በእግሬ ካልዞርኩት ያየሁት አይመስለኝም። መኪና ውስጥ ሆነህ የዳቦ ቤቱ ሽታ አይደርስህም። ለዚህ ሥራ ስልኬ ላይ የማይጠፋው አፕ ኦርጋኒክ ማፕስ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ዋይፋይ ባለበት ካርታውን ታወርዳለህ፣ ከዚያ ዳታህን አጥፍተህ ትወጣለህ። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያም የለውም። መረጃውን የሚያገኘው በጎ ፈቃደኞች በጋራ ከሚሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለ ነፃ ካርታ ነው።

ካርታውን አጉልተህ እየው። መኪና የማይገባባት ቀጭን መተላለፊያ በተቆራረጠ መስመር ትታያለች። ደረጃው ሳይቀር ለብቻው ተሰምሯል። የእግር ጉዞ ስትመርጥ ደግሞ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በግራፍ ያሳይሃል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

ምግብ ቤትና ሱቅ በየምድቡ ይፈለጋል፤ ሰዓቱ ከተመዘገበ ክፍት መሆኑንም ታያለህ። መረጃውን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ግን አንዱ ሰፈር ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። የደንበኞች አስተያየትና ኮከብም የለውም። እኔ እንዲያውም ይህን እወድለታለሁ። በር ላይ ቆሜ ሜኑውን አነባለሁ፣ የተቀመጡት ሰዎች የሚበሉትን አያለሁ፣ ከዚያ እወስናለሁ። ኮከብ ሳታይ መግባት የማይሆንልህ ከሆነ ሌላ አፕ ፈልግ።

የወደድኩትን ቤት ምልክት አድርጌ አስቀምጣለሁ። ካርታው ላይ የሌለ ሱቅ ሳገኝ ደግሞ ስሙንና የሥራ ሰዓቱን እዚያው እጨምራለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው የኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ብቻ ነው።