የልጆቻችንን ፎቶ በምን እንላላክ? ቴሌግራም ወይስ ዋትስአፕ

ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር አንዷ ስልኳን ታወጣና «አንቺ፣ የቱን ልጫን?» ትለኛለች። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምንኖር ስድስት እናቶች ነን። የሁላችንም ዘመድ ተበትኗል። የአንዷ ባል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ የእኔ እናት ሐይቅ ናት፣ እህቴ ዱባይ። ልጅ ጥርስ ባወጣ፣ ዩኒፎርም በለበሰ ቁጥር ፎቶ የሚጠብቅ ሰው አለ። ከአቦል እስከ በረካ ያንኑ ከምደግም ብዬ ጻፍኩት።

መልሴን አልደብቅም፤ ቴሌግራም ነው። ዋትስአፕ ለውጭ ዘመድ ይሁን። ኢንስታግራምና ስናፕቻት ለራሳችሁ ፎቶ እንጂ ለልጅ አልመክርም።

ከዋጋው ልጀምር። አፑ ነጻ ነው ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚባንነው ዳታው ሲያልቅ ነው። የእኔ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ገደማ ይሆናል። እንዳለ በፋይል ከላክሁት 250 ፎቶ 1 ጊጋዬን ይጨርሳል። በተለመደው መንገድ ሲላክ ግን ቴሌግራምም ዋትስአፕም ይጨምቁታል። ቴሌግራም ላይ የላክኋቸውን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አየሁ፤ ብዙዎቹ 200 ኪሎባይት አይሞሉም። በዚያችው 1 ጊጋ 5,000 ፎቶ ይሄዳል ማለት ነው። ለስልክ ስክሪን ጥራቱ ይበቃል።

ኪስ የሚያራቁተው ቪዲዮ ነው። ጥራት ያለው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 100 ሜጋ ሊያልፍ ይችላል። ልጁ ሲዘፍን 15 ሰከንድ ይበቃል። ደግሞ የምትከፍለው ላኪዋ ብቻ አይደለችም፤ ግሩፑ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ያንኑ ቪዲዮ በየራሳችን ብር እናወርዳለን። ሴቲንግ ገብታችሁ በራሱ ማውረዱን አጥፉት። በሁለቱም አፕ ይቻላል። ጎረቤቴ ይህን ባለማድረጓ የወር ፓኬጇ በአራት ቀን አለቀ። የጨረሰባት የልጅ ፎቶ እንኳ አይደለም። አርብ «ጁምዓ ሙባረክ»፣ እሑድ «መልካም ሰንበት» እያለ የሚያብለጨልጭ የአበባ ቪዲዮ ነው። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ይደርስሻል!

አሁን ቴሌግራምን ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ ልጅ አዝለን ወጣን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ስልኬ የለም። በዚያ ግርግር የት እንደወደቀ እንጃ። የትልቁ ልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶ በሙሉ እሱ ላይ ነበር። በኋላ ሲሙን በምትክ አውጥቼ በሰው ስልክ ቴሌግራም ስከፍት፣ ለእህቴ የላክሁት ሁሉ አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ዋትስአፑ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ባክአፕ ያላደረግሁት እኔው ነኝ፤ ግን ልጅ የያዘች ሴት ባክአፕ መቼ ታስታውሳለች? ቴሌግራም የላካችሁትን እሱው ጋር ያስቀምጣል። ስልክ ሲሞላ «ክሊር ካሽ» ብላችሁ ስልኩ ላይ የወረደውን ብታጠፉት እንኳ ፎቶው ግሩፑ ውስጥ አለ፤ ስትነኩት እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ የሚያከማቸው እናንተው ስልክ ላይ ነው።

የስልክ መሙላት ነገር ከተነሳ፣ የተበላሁበትን ልናገር። ሞላብኝ ብዬ «256 ጊጋ» የተባለ ሚሞሪ በ700 ብር ገዛሁ። ኦርጅናሉ 64 ጊጋ 1,500 ብር ሲባል ተወደደብኝ። 800 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ስልኩም 256 ብሎ ያነበዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ፎቶዎቹ ግራጫ ሆኑ፣ አልከፈት አሉ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አየና ሳቀ። እውነተኛው መጠን 8 ጊጋ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ነው 256 የተደረገው። ከ8 ያለፈው ሁሉ በባዶ ሜዳ ነው ሲጻፍ የነበረው። ፎቶውን ለመመለስ ሲሞክር 500 ብር ተቀበለኝ፣ አልተመለሰም። 1,200 ብር በእሳት ጨመርኩ። ሚሞሪ ከገዛችሁ በዚያው ቀን በፊልም ሙሉትና መጨረሻ የገባውን ከፍታችሁ እዩት። ከሻጩም የመመለሻ ቃል ያዙ። ትልቁ ከትንሹ ረክሶ ከተሸጠ ግን አትድከሙ፣ ኮፒ ነው።

አፑም ኮፒ አለው። ስልክ ፍላሽ ስታስደርጉ «ዋትስአፕ ጫንኩልሽ» ብለው ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፉት አለ። ቀለሙ ያምራል፣ የሰው የጠፋ ሜሴጅ ያሳያል ይባልለታል። ጓደኛዬ ስትጠቀምበት ቆይታ አንድ ጠዋት «አካውንትሽ ለጊዜው ታግዷል» አላት። ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ።

ዋትስአፕን ግን አልበድለውም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትላላኩት ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው እንኳ አያነበውም። የቴሌግራም ተራ ግሩፕ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ ልጅ ራቁቱን ሲታጠብ ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። እህቴም ዱባይ ሆና በዋትስአፕ መደወል ባይፈቀድላትም ፎቶው ይደርሳታል። ስታተሱ 24 ሰዓት ቆይቶ መጥፋቱን የሚወዱ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ቁጥሩን ስለያዝኩት ከሰል የሚያመጣልኝ ሰውዬ የልጄን ልደት ከአክስቷ ቀድሞ አየው። ማን እንደሚያይ መምረጥ ይቻላል፤ ማን ያስታውሳል እንጂ።

ቴሌግራም ላይ ግሩፑን «ፕራይቬት» አድርጉት፣ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ ዝጉት። የድሮው መልእክት ለአዲስ ገቢ እንዲታይ ክፈቱት። እህቴ ዘግይታ ስትገባ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምራ ሌሊቱን ስታይ አደረች።

አንድ ድክመት አለው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። በ2015 ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ካሽ ያጸዳን ሁሉ ባዶ ግሩፕ ስናይ ከረምን። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሃያ ፎቶ መርጬ ፒያሳ ወርጄ አሳጥባለሁ። ግማሹ የእማዬ ነው። እሷ የያዘችው ቁልፍ ስልክ ነው፤ የቱንም አፕ አልመከርኳትም። ሐይቅ የሚሄድ ሰው ሲገኝ በፖስታ አድርጌ እልክላታለሁ። ሲደርሳት ደውላ የምትለኝ ሁሌም አንድ ነው፤ «ምነው ልጁ ከሳ?»