ኮሽም አጥር ያለው ካፌ

ከአያት ባቡር ማብቂያ በባጃጅ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ነው። ታፔላ የለውም። ምልክቱ አጥሩ ነው፤ ግራ ቀኙ ብሎኬትና ቆርቆሮ በር ሲሆን የዚህ ቤት ብቻ ኮሽም ነው።

ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። የትም ስገባ ግቢውን በእርምጃ ሳልለካ አልቀመጥም። ከበሩ እስከ በረንዳው አስራ አራት እርምጃ ቆጠርኩ። በዚህ ሰፈር ከቤት ፊት ይህን ያህል አፈር የቀረለት ሰው የለም፤ ሌላው ጋ ወይ ሰርቪስ ቤት ተሰርቶበታል ወይ ሱቅ። እዚህ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ሁለት እግር ጌሾና አንድ ያረጀ ኮክ አለ።

ጨጨብሳው ጥሩ ነው። የቂጣው ጠርዝ ይንኮሻኮሻል፣ ቅቤው መሐሉ ድረስ ገብቷል። ብዙ ቦታ ቅቤ ሲያጥራቸው በርበሬ ያበዛሉ፤ እዚህ እንደዛ የለም። ቡናው የጀበና ነው። አስተናጋጇ ጤና አዳሙን እዛው ከመደቡ ቀጥፋ፣ በውሃ አለቅልቃ ሲኒዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ማኪያቶውን ግን ተዉት። ሁለቴ ሞከርኩት፣ ሁለቴም ወተቱ አሯል። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ እጅ መታጠቢያው በጆግ ነው።

ለሁለት ሰው ቁርስና ቡና 480 ብር ከፈልኩ።

ባለቤቲቱን "አጥሩን እንዴት ሳታፈርሱት ቀራችሁ?" አልኳት።

"እሾሁን ማን ደፍሮ ጋሼ!" ብላ ሳቀች። ከዛ ከጓዳ አንድ ደብተር አመጣች። ቤቱ የማህበር ቤት ነው፤ አባቷ በደርግ ጊዜ የማህበሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ደብተሩ የማህበሩ ቃለ ጉባኤ ነው፣ ማህተሙ ደብዝዟል። "የፊት አጥር በኮሽም እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" ይላል። ከሥሩ ለቁፋሮ ያልወጡ አባላት ቅጣት ተዘርዝሯል።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተባለ። ከዛ ወዲህ ለደሞዝተኛ ቤት መሥሪያ አንዱ መንገድ ማህበር መግባት ሆነ። ማህበሩ ግን የሚቆየው ካርታው እስኪወጣ ነው። ካርታ በየስሙ ሲወጣ የደብተሩን ውሳኔ ማን ያስታውሰዋል?

የወንድሜ ልጅ የምትኖረው ለንደን ነው። ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ ኢሊንግ ውስጥ ብሬንተም የሚባል የአትክልት ሰፈር ወስዳ አሳየችኝ። በ1901 እ.ኤ.አ. በኅብረት ሥራ የተጀመረ ነው። ነዋሪው የማህበሩን አክሲዮን ይገዛ ነበር፣ ለማህበሩም ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ቤቱ ግን የማህበሩ ነው። አጥሬን ግንብ ላድርግ የሚል ቢመጣ የሚከለክለው አካል ነበረ ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ አልዘለቁበትም፤ በ1930ዎቹ ቤቶቹ ከማህበሩ እጅ ወጡ። የቁጥቋጦ አጥሩ ግን ዛሬም በየደጁ አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

(እግረ መንገዴን፦ እዚሁ ጎረቤታችን ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ግንበኞች ኅብረት ሥራ ማህበር ነው። እሱም ራቬና ከተማ የተመሠረተው በዛው በ1901 ነው። ሲኤምሲ የሚኖር ወዳጄ የባንክ ስም ይመስለው ነበር።)

ደብተሩን ለማየት ባለቤቲቱን ራሷን ጠይቁ፤ አስተናጋጇ የት እንዳለ አታውቅም። ረቡዕና ዓርብ ጨጨብሳው በዘይት ነው። ቅዳሜ ከሆነ ከአራት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከኮኩ ሥር ያለችው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ናት።