ኢንዶሜትሪዮሲስ፦ በነጥብ ወይስ በቦታ?
እህቴ ለኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ህመም) ከተደረገላት ኦፕሬሽን በኋላ ወረቀቷ ላይ "ስቴጅ 2" የሚል አይታ ጣና ዳር ቁጭ ብለን "ቀላል ነው ማለት ነው? ታዲያ ፔሬድ በመጣ ቁጥር ለምንድነው እንደዛ የምንከባለለው?" አለችኝ፣ አንጀቴን በላችው። ይሄ በፈረንጆቹ 1996 የተሻሻለው የአሜሪካኖቹ አከፋፈል ሐኪሙ ሆድ ውስጥ ያየውን ቁስልና መጣበቅ በነጥብ ይደምራል፣ ከ6 እስከ 15 ስቴጅ 2 ነው ከ40 ካለፈ ስቴጅ 4፣ ህመሙን ግን አይለካም፣ ስቴጅ 1 ሆና የምትሰቃይ አለች ስቴጅ 4 ሆና ብዙም የማያማት አለች። ኤንዚያን የሚባለው ሌላው አከፋፈል ደግሞ ቁስሉ የት ቦታና ምን ያህል እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ ሲ3 ካለ ፊንጢጣ አካባቢ ያለው አንጀት ላይ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ቁስል አለ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ቅጂው በአልትራሳውንድና በኤምአርአይም ይሞላል። ለኦፕሬሽን ለምትዘጋጅ ሴት በኔ አስተያየት ኤንዚያን ይበልጣል፣ ቢያንስ አንጀቷ ተነክቶ እንደሆነ ቀድሞ ይታወቃል።