የሠራተኛ ጤና መርሐ ግብር፦ የድርጅቱ የራሱ ክሊኒክ ወይስ የዱቤ ሕክምና ውል?

የሠራተኞቹን ጤንነት ለዓመታት ለመጠበቅ የሚያቅድ ድርጅት ብዙውን ጊዜ በሁለት አማራጮች መካከል ያመነታል፤ በግቢው ክሊኒክ ይከፍታል፣ ወይም ከውጭ የሕክምና ተቋም ጋር የዱቤ ሕክምና ውል (ሠራተኛው ታክሞ ሒሳቡን ድርጅቱ በኋላ የሚከፍልበት) ይፈርማል።

ወጪ፦ ክሊኒኩ ክፍል፣ መሣሪያ፣ ፈቃድና ቋሚ የነርስ ደመወዝ ስለሚጠይቅ ታማሚ ባይመጣም ገንዘብ ይበላል። ለውሉ የሚከፈለው በታከመው ሰው ልክ ነው፤ ጣሪያ ካልተበጀለት ግን የዓመቱ በጀት በመንፈቅ ሊያልቅ ይችላል።

ምቾት፦ በፈረቃ የምትሠራ የልብስ ስፌት ሠራተኛ የደም ግፊቷን ለመለካት ግማሽ ቀን ማስፈቀድ ካለባት አትለካም፤ ክሊኒኩ እዚያው ካለ ግን በእረፍት ሰዓቷ ትለካለች። ግፊትና ስኳር ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ለረጅም ጊዜ ዕቅድ ዋናው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የቀጣዮቹ 2 ወራት ደግሞ ግማሹ ስለሚከፈል፣ ዘግይቶ የተገኘ ሕመም ለአሠሪውም ወጪ ነው።

ስጋት፦ የግቢው ክሊኒክ ትልቁ ድክመት ምስጢር ነው። ሠራተኛው መዝገቡ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብሎ ከጠረጠረ፣ በተለይ ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ኤችአይቪ፣ ደጃፉን አይረግጥም። የውጭው ሐኪም በዚህ ይሻላል፤ የሕመሙን ስም በደረሰኙ ላይ ጽፎ ለድርጅቱ የሚልክ ተቋም ግን አይጠፋምና ውሉ ይህን በግልጽ ይከልክል።

ከከተማ ርቆ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ግቢ ለያዘ ፋብሪካ ወይም የአበባ እርሻ ክሊኒኩ፣ ቅርንጫፎቹ ለተበታተኑ ባንክ ወይም ጥቂት ሠራተኞች ላሉት ቢሮ ደግሞ ውሉ ይስማማል። አቅሙ ያለው ድርጅት መደበኛ ምርመራውን በግቢው፣ የሥነ ልቦና ምክሩን በውጭ ሊያደርግ ይችላል።