የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በወሎ፦ ምን ያህል ይጠቅማል? ምንስ ይጠና?

መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ናት። ለአርሶ አደር ቤተሰብ ያዋጣል፤ ተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን፣ ምርመራንና መድኃኒትን ይሸፍናል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን አይጠበቅ።

አጠቃቀሙ ግልጽ ነው፤ መዋጮ ተከፍሎበት የታደሰ የአባልነት ደብተር ይዞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ደሴ የሄደ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። 18 ዓመት የሞላው ልጅም ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለለት በወላጁ ደብተር አይታከምም። ብዙው ሰው ይህን የሚሰማው ካርድ ክፍል ደርሶ ነው!

ደካማው ጎን መድኃኒት ነው። «አልቋል» ከተባለ አባሉ ከግል ፋርማሲ ይገዛል፤ ማዘዣና ደረሰኝ ካልያዘ ደግሞ ከመድኅኑ መልሶ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም።

በስብሰባ አስተያየት ሲጠየቅ ሁሉም ስለ መዋጮው መጠን ያነሳል። ለአጥኚ የሚጠቅመው ግን የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር እንደጠፋ ነው። የእድሳት ወቅቱም ይጠና፤ የመኸር እህል ሲገባ መክፈል ለቆላውና ለወይና ደጋው ይመቻል፣ በልግ አብቃዩ የወሎ ደጋ ግን እህል የሚያገኘው በክረምት መግቢያ ነው።