የቤት ኪራይ ውል ምዝገባ በወረዳ፦ "ጨምሪ ወይ ልቀቂ" ለተባላችሁ ተከራዮች

አገልግሎቱ ይሰራል። ያደክማል፣ ያመላልሳል ግን ይሰራል፣ ከአምስት ሶስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የቀነስኩበት በሰልፉና በሲስተሙ ነው እንጂ ያስተናገደኝ ልጅ ለብቻው ቢሆን አምስቱንም እሰጠው ነበር። ወረዳውን አልጠራም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

የኔ ጉዳይ እንዲህ ነው። ከ2015 ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን ነው የምንኖረው እኔ ባሌና ልጄ። የቤቱ ባለቤት ዱባይ ነው የምትሰራው፣ ኪራዩን በውክልና የሚቀበሉት አክስቷ ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ሰኔ 2016 ላይ ውል አስመዝግቡ ሲባል ስጠይቃቸው "ቆይ ልጄ ይደርሳል" አሉኝ፣ ከሳቸው ጋር መነካካት ስላልፈለኩ እኔም ዝም አልኩ። በጥቅምት 2017 በር አንኳኩተው ከሚመጣው ወር ጀምሮ 11 ሺህ የነበረው 16 ሺህ ነው፣ ካልሆነ ቤቱ ይፈለጋል አሉ። በአንዴ 5 ሺህ ብር! የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ የሚባል በአይኔ አልዞረም። ደላላ ጋ ስደውል በ11 ሺህ እዚህ ሰፈር ስቱዲዮም አታገኚም፣ ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ልፈልግልሽ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ግን አዘጋጂ አለኝ። ልጄ ትምህርት ጀምራለች፣ ባሌ መርካቶ ነው የሚሰራው፣ ከዛ ለመመላለስ ታክሲው ብቻ የሚበላው ሲደመር ያው 16 ሺህ መክፈል ማለት ነው።

ወረዳ ሂጂ ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። ጠዋት 2 ሰአት ደረስኩ፣ ኮሪደሩ ሞልቷል፣ መቀመጫ ሶስት ወንበር፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ቆመው። ከዛ ሲስተም የለም ተባለና እስከ 5 ሰአት ማንም አልተስተናገደም፣ የጠራም ያስረዳም የለም። ይሄ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፣ ከስራ ፈቃድ ለምኖ የመጣ ሰው አለ፣ ቢያንስ ወጥቶ ነገ ኑ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ተራዬ ሲደርስ ግን ወጣት ልጅ ነው፣ ቁጭ አድርጎ ታሪኬን ሳያቋርጥ ሰማኝና አስረዳኝ። እኔ የኪራይ ቁጥጥር ሲባል መንግስት ይሄ ቤት ይሄን ያህል ብሎ ዋጋ የሚቆርጥ ይመስለኝ ነበር፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚያስበው። እንደዛ አይደለም። አዋጅ 1320/2016 ይባላል፣ መጋቢት 2016 ላይ የፀደቀው፣ የሚቆጣጠረው ጭማሪውን ነው። አከራይ በፈለገው ወር ተነስቶ መጨመር አይችልም፣ የሚጨመረው መጠን በአመት አንዴ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ይገለፃል፣ ከሱ በላይ የለም። ውሉ ከሁለት አመት ማነስ የለበትም፣ በፅሁፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ይሄን ስሰማ ያ የስድስት ወር የጠየቀኝ ደላላ ትዝ አለኝ፣ እኔም ሳላውቅ ተበድሬ ልሰጠው ነበር እኮ። ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ አዋጁ ውስጥ አይገባም፣ የመኖሪያ ቤት ነው የሚመለከተው።

ከዛ እትዬ ጋ እኔ ፊት ደወለላቸው። በትህትና ነው ያናገራቸው፣ "እናቴ ልንቀጣዎት አይደለም፣ ከተከራይዎ ጋር መጥተው ውሉን እንድታስመዘግቡ ነው" ብሎ። መጡ። በመጀመሪያው ቀን የውክልናውን ኮፒ ይዘው ዋናውን እቤት ትተውት ስለነበር ተመለስን፣ ስለዚህ ስትሄዱ የሁለታችሁም የታደሰ መታወቂያ፣ የቤቱ ካርታ፣ በውክልና ከሆነ ደግሞ ዋናውን ውክልና ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፒም አብዝታችሁ አንሱ።

አሁን ዋናው ነገር። በሁለተኛው ቀን ሰልፉ ላይ እትዬ ወደ ጥግ ሳብ አድርገው "ልጄ ወረቀቱ ላይ 7 ሺህ እናፅፍና ቀሪውን በእጅ ትሰጪኛለሽ፣ 16ቱንም እተውልሻለሁ" አሉኝ። የፈሩት ግብሩን ነው፣ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፣ የቤቱ ባለቤት እናት ታማ መድኃኒት የሚገዛው ከዚሁ ኪራይ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ልስማማ ነበር፣ 16 ሺህ ከመክፈል ይሻለኛል ብዬ። ግን ደረሰኝ የሌለው 4 ሺህ ነገ ወደ 9 ሺህ ቢያድግ በምን አስረዳለሁ? ወረቀቱ የሚያውቀው 7 ብቻ ነው። ልጁ ጋ ስንደርስ እኔ አፍሬ ዝም ስል እሱ ከፊታችን ገብቶት መሰለኝ ለሳቸው እንዲህ አላቸው፣ "እናቴ የሚፈቀደው ጭማሪ የሚሰላው እዚህ ከሚፃፈው ላይ ነው። 7 ሺህ ካስፃፉ ሁለቱን አመት ሙሉ ከ7 ሺህ ላይ ነው የሚጨመርልዎት፣ ልጅቷ በእጅ የምትሰጥዎትን ብታቆም ደግሞ የሚጠይቁበት ወረቀት የለዎትም።" እትዬ ትንሽ አሰቡና "እንዲያ ከሆነ እውነተኛውን ፃፈው" አሉ። 11 ሺህ ተፃፈ፣ ሁለት አመት፣ ሁለታችንም ፈረምን።

እና ተከራዮች እባካችሁ፣ ዝቅ አድርገን እናስመዝግብ ስትባሉ እሺ አትበሉ። ብዙ ሰው ተመዝግቤያለሁ ብሎ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፣ የውሸት ቁጥር የተፃፈበት ውል ጭማሪ ሲመጣ የሚከላከልላችሁ ነገር የለውም። ለአከራዩም በደንብ አስረዱት፣ በእልህ ሳይሆን ልክ ልጁ እንዳስረዳው፣ ምክንያቱም ውሉ ከተመዘገበ በኋላም ብዙ ጊዜ አብራችሁ ነው የምትኖሩት፣ ቆጣሪም ውሃም አንድ ግቢ ነው።

ቅሬታዬን ልጨርስ። ሶስት ቀን ነው የፈጀብኝ፣ አንድ ቀን ሊያልቅ ይችል ነበር። ምን ምን ይዛችሁ ኑ የሚል ወረቀት በሩ ላይ አልተለጠፈም፣ ቢለጠፍ ግማሹ ሰልፍ ይቀንሳል። ለአቅመ ደካሞችና ለእርጉዞች የተለየ ተራ የለም፣ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት።

አሁን በየወሩ 11 ሺውን በባንክ አስገባለሁ፣ ስክሪንሾቱን ለእትዬ በቴሌግራም እልካለሁ፣ "ደርሶኛል ልጄ" ይላሉ። ባለፈው ሳምንት የታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ 4 ሺህ ጨምሪ ተብላ እያለቀሰች መጣች፣ ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።