ፀሐይ የምታሳውረው በር፦ ከ11 ወር በኋላ

ልሸጠው ነበር። መስከረም ላይ የግቢያችንን በር በሪሞት የሚከፍተውን ሞተር ነቅዬ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወስጄ፣ ያሉኝን ብር ተቀብዬ ልመለስ ቆርጬ ነበር። ያኔ ብጽፍ ኖሮ ርዕሱ «እንዳትገዙ» ነበር የሚሆነው። አሁን ኅዳር ነው። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስለ ዕቃው ያለኝን ሐሳብ ቀይሬያለሁ። ስለ ሻጩና ስለ ገጣሚው ያለኝን ግን አልቀየርኩም።

ቤታችን ሳቢያን ነው፣ አባቴ ያሠራው። በሩም የእሱ ዘመን ነው። ወፍራም ላሜራ፣ አራት ሜትር የሚሆን፣ በብረት እግር፣ ማለትም በትንንሽ ጎማዎች፣ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት። ልጅ ሆኜ በሁለት እጄ ነበር የምገፋው። አድጌም በሁለት እጄ ነው። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ደግሞ እኔ ከሌለሁ በሩ አይነቃነቅም ነበር፣ እንግዳ መኪናውን ውጭ አቁሞ በትንሿ በር ይገባ ነበር።

በሰፈራችን እንዲህ ያለ በር ሞልቷል። ቤቱም ባለቤቱም አርጅቷል። ልጆች ውጭ ናቸው። ስለዚህ ብር ይላካል፣ ሞተር ይገጠማል። በእኛ መንገድ ብቻ ስድስት ሞተር አለ። ሦስቱ ተበላሽተው ቀርተዋል፣ ባለቤቶቹ እንደ ድሮው በሩን ይገፋሉ። ይህን በዓይኔ እያየሁ ነው የገዛሁት።

ዕቃው በ220 ቮልት የሚሠራ ተራ የስላይዲንግ በር ሞተር ነው። ሻጩ «ጣሊያን ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይ የጣሊያን ባንዲራ አለ። ዕቃው ላይ ግን ጣሊያን የሚል ፊደል ፈልጌ አጣሁ። ተውኩት። ጣሊያን ያልሆነ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሞተሩ፣ ሁለት ሪሞትና ገጠማው ተደምሮ 62 ሺህ ብር ወጣብኝ። ታኅሣሥ 2016 ተገጠመ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወሮች አልተርክላችሁም። ሠራ። እናቴ ሪሞቱን ከቤት ቁልፍ ጋር አስራ በመስኮት ሆና ለመጣው ሁሉ ትከፍት ጀመር። በቃ።

ከዚያ መጋቢት ገባ።

አንድ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ከሥራ ተመለስኩ። ተጫንኩ፣ ተከፈተ፣ ገባሁ። ተጫንኩ፣ አይዘጋም። ደግሜ ተጫንኩ። ዓምዱ ላይ ያለችው ብርቱካን መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። የሪሞቱን ድንጋይ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሞተሩን በቁልፍ ፈትቼ በእጄ ገፍቼ ዘጋሁት። ከራት በኋላ ሞተሩን መልሼ አጥብቄ ብሞክረው ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ፣ ተዘጋ። በማግስቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ያው። በሦስተኛው ቀን፣ ያው። ጠዋት ይሠራል፣ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይሠራል። አመሻሽ ላይ ብቻ እንቢ ይላል። እናቴ «ዛር አለበት እንዴ?» አለች። እየቀለደች መሆኗን እርግጠኛ አይደለሁም።

ገጣሚውን ጠራሁት። የድሬ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ ከተማ ባለሙያ የሚገኘው ጠዋት ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ። ሰውዬውም 3 ሰዓት ላይ መጣ። ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ። «ይኸው ይሠራል እኮ አቦ!» አለኝ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ና አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ብሎ ቀረ። በሌላ ቀን ጠዋት መጣ። አሁንም ሠራ። በሦስተኛው ጊዜ ፍርዱን ሰጠ፦ ቦርዱ ነው፣ ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ቬንትሌተሩን ሲከፍት የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፣ ቦርዱን መትቶታል።

ያሳምናል አይደል? እኔንም አሳመነኝ። ለአዲስ ቦርድ 14 ሺህ፣ ለስታቢላይዘር 6 ሺህ ተኩል ከፈልኩ። አሮጌውን ቦርድ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለዚህች ብቻ አመሰግነዋለሁ።

አዲሱ ቦርድም በገባ በማግስቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንቢ አለ። ስደውልለት «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። ለቦርድ ልምድ ምኑ ነው! ግን እውነትም መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነገሩ ቆመ። እኔም አፌን ያዝኩ። እንዲያውም የሰውዬውን ስልክ ለጎረቤት ሰጠሁ።

ከሚያዝያ እስከ ጳጉሜን ሰላም ነበር። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደጋግማችሁ ካሠራችሁት ሞተሩ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ያርፋል። በድሬ ግንቦት ማን አያርፍም። ዝናብ ሲመጣ ሐዲዱ ውስጥ አሸዋ ይሞላል፣ በመጥረጊያ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ በቁልፍ ፈትቶ መግፋት ነው። ይህን ሁሉ ቅሬታ አልለውም።

አዲስ ዓመት ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ስመለስ በሩ ተከፈተ፣ ገባሁ፣ ተጫንኩ። ብርቱካኗ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ሰዓቴን አየሁ። 11 ሰዓት ከሩብ።

ያን ዕለት መሪውን በቡጢ መታሁት። የመኪናዬን መሪ፣ ምን አደረገኝ!

የመጀመሪያው ሰውዬ ስልክ አላነሳም። ሁለተኛ ባለሙያ አመጣሁ፣ በእርግጥ ጠዋት። ይኼኛው ቢያንስ ጥፋቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ አስጠጋው። «ሴንሰሩ ነው የሚያስቸግርህ። በአንዲት ሽቦ ላጥፋልህና ተገላገል» አለኝ።

ሴንሰሩን ላላየ ሰው፦ ከበሩ ውጭ ግራና ቀኝ ጉልበት በሚደርሱ ሁለት አጫጭር የብረት ቋሚዎች ላይ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች አሉ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ። አንዱ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። መሐላቸው ሰው ቢቆም ብርሃኑ ይቋረጣል፣ ተቀባዩ ለቦርዱ ይናገራል፣ ቦርዱም በሩን አይዘጋም። በሽቦ ማጥፋት ማለት ቦርዱን «መንገዱ ሁሌም ባዶ ነው» ብሎ መዋሸት ነው። በእኛ በር ፍየል ያልፋል። ኳስ የሚያባርር ሕፃን ያልፋል። እናቴም ታልፋለች፣ ቀስ ብላ። አይሆንም አልኩት። «እንግዲያው ቦርድ ቀይር» አለኝ። ታይዋን ወስጄ ልሸጠው የወሰንኩት ያኔ ነው።

ከሸጥኩት ምን ይቀረኝ ነበር? ስታቢላይዘሩ።

ያዳነኝ ጎረቤታችን ነው። ምድር ባቡር ዕድሜውን የጨረሰ ጡረተኛ ነው፣ ማሽን ሲጠግን የኖረ፣ ሲናደድ በፈረንሳይኛ የሚሳደብ። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ፣ የአዲስ አበባ አንባቢ አይቆጣኝ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲበርድ ባርኔጣውን አድርጎ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይራመዳል። ከመኪና ወርጄ በሩን ስገፋ አይቶ ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«አይዘጋም።»

«ሁልጊዜ?»

«11 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ።»

ሳቀ። «ማሽን ሰዓት አያውቅም ልጄ። ትናንትስ?»

ትናንት ትዝ አለኝ። ትናንት ተዘግቶ ነበር።

«ትናንት ዳምኖ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በኩል ወዳለው ቋሚ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከጥቁሯ ሳጥን በላይ እንደ ጥላ ያዘው። ጥላው ሳጥኗ ላይ አረፈ። ውስጧ «ጠቅ» አለ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት፣ ጆሮዬን ባላቀርብ አልሰማትም ነበር። «በል አሁን ተጫን» አለኝ። ተጫንኩ። በሩ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ትንሽ ጮኾ መሄድ ጀመረ። ባርኔጣውን አነሳ፣ በሩ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። አጠላ፣ ጠቅ። አነሳ፣ ጠቅ። እንደ ልጅ አሥር ጊዜ አስደገምኩት።

ፀሐይ ናት። ተቀባዩ ሳጥን ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ ነው የተገጠመው። ጀንበር ዝቅ ስትል መንገዱን ይዛ ቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ከወዲያ ማዶ የሚላክለትን ደካማ ብርሃን ከፀሐይዋ መለየት ያቅተዋል፣ ይታወራል። ለእሱ መታወርና ሰው መቆም አንድ ነው። ስለዚህ በሩን አያስዘጋም። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር ማለት ነው።

ለምን መጋቢትና መስከረም ብቻ? እሱንም ሽማግሌው በከዘራው አሸዋው ላይ ሥሎ አሳየኝ። የእኛ መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀጥ ያለ ነው። ፀሐይ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትጠልቅም። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ። ልክ ምዕራብ ላይ የምትጠልቀው ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ነው፣ መጋቢት 11 እና መስከረም 12 አካባቢ። በእነዚያ ቀናት ግራና ቀኝ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የመንገዳችን ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ታኅሣሥ ሲገጠም ያልታየው፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ «የዳነው» ለዚህ ነው። ቦርዱ አልለመደም። ፀሐይዋ አለፈች።

መጀመሪያ በቁራጭ የውኃ ቧንቧ ሞከርን። አንድ ጣት የምታህል ርዝመት ቆርጦ ተቀባዩ ፊት ላይ እንደ ኮፍያ አደረገለት። እስከ 11 ሰዓት ከ45 ሠራ። ከዚያ ጀንበሯ ወርዳ በቧንቧው ቀዳዳ ቀጥ ብላ ገባች። ሽማግሌው በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አለ።

እውነተኛው መፍትሔ ሳጥኖቹን ማቀያየር ነው፣ ላኪው ወደ ምሥራቅ ቋሚ፣ ተቀባዩ ወደ ምዕራብ። ያኔ ተቀባዩ ጀርባውን ለጀንበር ይሰጣል። የጠዋቷን ፀሐይ ደግሞ የጎረቤት ኒም ዛፍ ይከልላታል። ቀላል ይመስላል። ግን ላኪ ሁለት ሽቦ ነው የሚፈልገው፣ ለመብራት ብቻ። ተቀባይ አራት ይፈልጋል፣ ሁለት ለመብራት፣ ሁለት ለቦርዱ መልእክት። ገጣሚዬ በምዕራቡ ቋሚ በኩል የዘረጋው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። አራት ዘርግቶ ቢሆን ኖሮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ደግነቱ ከመንገዱ ሥር ፕላስቲክ ቱቦ ቀብሮ ነበር፣ አሮጌውን ሽቦ እንደ ገመድ ተጠቅመን ባለ አራቱን ሳብንበት። ሽማግሌው አዘዘ፣ እኔ ጎተትኩ፣ እናቴ ሻይ አመጣች። ወጪው የ12 ሜትር ሽቦ ዋጋ ነው። ገና መስከረም ሳያልቅ፣ ጀንበር መንገዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያለ፣ በ11 ሰዓት ተኩል ተጫንኩ። ተዘጋ።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝ ይታወቀኛል። «ወንድሜ፣ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል።» ተጽፏል። ከገዛሁ ከአሥር ወር በኋላ አነበብኩት። ተቀባዩን ፀሐይ በቀጥታ እንዳታገኘው አድርገህ ግጠም ይላል፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንድ መስመር። እኔ ባላነብ ደንበኛ ነኝ። አንተና ገጣሚህ ግን እንጀራችሁ ነው። «ቦርዱም አርጅቶ ነበር» ትለኝ ይሆናል። የሦስት ወር ቦርድ!

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ በተለይ በሩ እንደኛ ያረጀ ከሆነ፣ ሞተሩን ሳትጠይቁ በሩን ጠይቁት። በአንድ እጃችሁ ግፉት። ከሄደ ሞተር ይችለዋል። በሁለት እጅ እያማጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ እግሩንና ሐዲዱን አሠሩ። እኔ ከገጠማው በፊት ሁለቱንም እግር አስቀይሬያለሁ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በራሴ ጭንቅላት የሠራሁት ትክክል ነገር እሱ ብቻ ነው። በመንገዳችን የቆሙትን ሦስቱን ሽማግሌው ዞሮ አይቷቸዋል። ሁለቱን የገደላቸው የበሩ ክብደት ነው፣ ሐዲዱ ሰምጦ በሩ በሞተሩ ጥርስ ላይ ተኝቷል። ሦስተኛው ሞተር ይጮኻል ግን አይነሳም። ካፓሲተሩ ነው፣ ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው ትንሽ ዕቃ፣ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይደክማል፣ ርካሽ ነው። ባለቤቷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተሩ ተቃጥሏል ተብላ ስትገፋ ኖራለች።

እኔ በመግዛቴ አልጸጸትም። ትናንት እናቴ የታክሲ ሹፌር እስከ ደረጃው አስገብታ፣ ተሰናብታው፣ ከመስኮቱ ሳትነሳ ዘጋችው። በቦርዱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሮጌው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ በዚያው ፌስታል። ሽማግሌው ባለፈው እሑድ መልሶ ገጥሞ ሞክሮታል፣ ምንም አልሆነም። ሳቢያን አካባቢ ቦርዱ የምሩን የተቃጠለበት ሰው ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ስታቢላይዘሩን በነፃ እመርቃለሁ።